ሆዴ ላይ የቀረው ምልክት፦ ቤታችሁ ሰርኩላር መጋዝ ላላችሁ

ከእምብርቴ ዝቅ ብሎ በስተቀኝ በኩል የሃምሳ ሳንቲም ስፋት ያላት ጠባሳ አለችኝ። ያወረሰኝ የ20 ሳንቲ ሜትር ቁራጭ እንጨት ነው። ሚዛን ላይ ቢወጣ ሩብ ኪሎ አይሞላም። ግን ሹራቤን አልፎ ሸሚዜን ቀደደ፣ ቆዳዬን ገሸለጠ፣ ነጥሮም የሰርቪሷን ቆርቆሮ በር መታ። ባለቤቴ ልጆች ድንጋይ የወረወሩ መስሏት "ኧረ የማነው ልጅ!" እያለች ወጣች። እኔ ሆዴን ይዤ መሬት ላይ ተቀምጫለሁ። ማሽኑ አሁንም ይዞራል።

የገረመኝ ሕመሙ አይደለም። ምንም አለማየቴ ነው። እንጨቱ እጄ ላይ ነበር፤ ከዚያ የለም። በመሀል የሆነውን ዓይኔ አልያዘውም።

የምኖረው ደሴ ነው፣ ሆጤ አካባቢ። አናጺ አይደለሁም፤ መደበኛ ሥራዬ ቢሮ ነው። ቅዳሜና እሑድ፣ አንዳንዴም ከሥራ መልስ፣ ዘመናዊ የንብ ቀፎ እሠራለሁ። መጀመሪያ ለራሴ ነበር፤ ቀስ በቀስ ሰው ማዘዝ ጀመረ። ቀፎ ሠርቶ የማያውቅ ሰው ሳጥን ብቻ ይመስለዋል። ጣጣው ያለው ውስጡ ነው። አንዱ ሳጥን 10 ፍሬም ይይዛል። እያንዳንዱ ፍሬም የላይ፣ የታችና ሁለት የጎን እንጨት አለው። ለአንድ ሳጥን 40 ቀጫጭን ቁራጭ ማለት ነው። ደግሞ ልኩ መዛነፍ የለበትም። ንብ ለመተላለፊያዋ ክፍት የምትተወው ከ6 እስከ 9 ሚሊ ሜትር የሆነ ክፍተት ነው። ከዚያ ከጠበበ በሙጫ ትደፍነዋለች፤ ከሰፋ እንጀራ ትሠራበታለች፤ ከዚያ ፍሬሙን ማውጣት የለም። ይህን በእጅ መጋዝ ሞክሬው ነበር። በ2011 ዓ.ም. ተስፋ ቆርጬ ማሽን አሠራሁ።

ያሠራሁት ኮምቦልቻ አንድ ብረታ ብረት ቤት ነው። ከአንግል ብረት የተበየደ እግር፣ ወፍራም የላሜራ ጠረጴዛ፣ ባለ 2 የፈረስ ጉልበት ሞተር፣ 25 ሳንቲ ሜትር ዲስክ። ዋጋው አዲስ አበባ ከሚሸጠው የፋብሪካ ማሽን ግማሽ አይሞላም ነበር። አይሱዙ ላይ ጭነን የሐረጎን ዳገት ስንወጣ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ማሽኑ ላይ ምን ምን እንደጎደለ ለማወቅ ዕውቀቱም አልነበረኝም። ከዲስኩ በላይ ክዳን የለም። ከዲስኩ ጀርባ ምንም የለም። ማብሪያ ማጥፊያው የመብራት አምፖል የምናበራበት ዓይነት ነው። ሠሪው "ጥርሱን ብቻ ተጠንቀቅ" አለኝ፤ እኔም ጥርሱን ብቻ ስጠነቀቅ ከረምኩ። ሆዴን የመታኝ ግን ጥርሱ አይደለም።

በተኛሁ በሦስተኛው ቀን ሐጂ ሊጠይቁኝ መጡ። ሸዋ በር አካባቢ ለብዙ ዓመት የእንጨት ሥራ ቤት የነበራቸው፣ አሁን ሥራውን ለልጆቻቸው የተዉ አባት ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ ሐጂ ነው የሚላቸው። የግራ እጃቸው ጠቋሚ ጣት ከመሀል አንጓው በላይ የለም። "አብሽር፣ አላህ አውጥቶሃል" ብለው ቡና ጠጡ። ሁለተኛው ስኒ ላይ "እስቲ ማሽኑን አሳየኝ" አሉ።

ሰርቪሷ በር ላይ ቆሙና አልገቡም።

"ሶኬቱን ንቀል።"

"ጠፍቷል እኮ ሐጂ።"

"ንቀል ነው ያልኩህ ልጄ። ነቅለህ ገመዱን ጠረጴዛው ላይ አድርገው፤ እያየሁት ነው የምነካው።"

ነቀልኩ። ገቡና ዲስኩን በእጃቸው ቀስ አድርገው አዞሩት። "ይህ አንተ በኩል ያለው ጥርስ ወዴት ይሄዳል?" አሉኝ። ወደ ታች፣ አልኩ። "ያኛው የወዲያው?" ወደ ላይ። "እንግዲህ የወዲህኛው እንጨቱን ጠረጴዛው ላይ ይጫንልሃል። ያንተ ነው። የወዲያኛው የሸይጣን ነው።"

ሁለት ዓመት በማሽን ስሠራ ይህን አስቤው አላውቅም። የፊት ጥርሶች ወደ ታች ሲወርዱ እንጨቱን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡታል። የኋላዎቹ ከጠረጴዛው ሥር ወደ ላይ ይወጣሉ። የተቆረጠው እንጨት በሆነ ምክንያት ዞር ብሎ ወይም ተጣቦ የኋላዎቹን ከነካ ያነሱታል። አንስተው በዲስኩ አናት ላይ ወደ ሠራተኛው ይወረውሩታል። ሐጂ "ተራገጠ" ነው የሚሉት፣ እንደ በቅሎ። ከዚህ የተሻለ ቃል አላገኘሁም።

ፍጥነቱን በኋላ አሰላሁት። የኔ ሞተር በደቂቃ 2,800 ጊዜ ገደማ ይዞራል፤ ዲስኩም እኩል። የ25 ሳንቲ ሜትር ዲስክ ዙሪያው 78 ሳንቲ ሜትር ተኩል ነው። ሲባዛ ጥርሱ በሰከንድ 36 ሜትር ተኩል ያህል ይሄዳል፤ በሰዓት 130 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ በ10 ደቂቃ፣ የሐረጎን ጠመዝማዛ ጨምሮ። ሰው ደንግጦ እጁን ለመሳብ ቢፈጥን ቢፈጥን አንድ አምስተኛ ሰከንድ ይፈጅበታል። በዚያች ቅጽበት ጥርሱ 7 ሜትር ተጉዟል። "ሲመጣ እጄን እሰበስባለሁ" የሚለው ሐሳብ እዚህ ላይ ያልቃል። ያሰባችሁትን ሁሉ ማሰብ ያለባችሁ ማሽኑ ሳይነሳ ነው።

ቀጥሎ ሐጂ መሪውን ብረት አዩ። ከዲስኩ በስተቀኝ ቆሞ የእንጨቱን ስፋት የሚወስነው ማለቴ ነው። "ለካው" አሉኝ። ከፊት 35 ሚሊ ሜትር፣ ልክ ነው። "ከኋላስ?" ከኋላ 32። መሪው ወደ ኋላ እየጠበበ ነበር! እንጨቱ 35 ሆኖ ገብቶ በ32 መውጫ ሲሄድ የት ይሂድ? ወደ ኋላ ጥርሶቹ ተገፋ። በዚያ ላይ ቁራጩ አጭር ነው፤ በዚያ ላይ በጣቴ ነበር የምገፋው፤ በዚያ ላይ ልክ ከኋላው ነበር የቆምኩት። አራት ጥፋት በአንድ ቁራጭ። ሐጂ "አጃኢብ ነው፣ ሆድህን ብቻ መምታቱ" አሉ።

እንዴት እንደሚለካ ልንገራችሁ፤ 5 ደቂቃ አይፈጅም። ሶኬት ይነቀል። አንዱ ጥርስ ላይ በማርከር ምልክት አድርጉ። ያን ጥርስ ወደ ፊት አምጡትና ከእሱ እስከ መሪው ለኩ። ከዚያ ያንኑ ጥርስ አዙራችሁ ወደ ኋላ ውሰዱትና እንደገና ለኩ። ጥርሱ አንድ መሆኑ ግዴታ ነው፤ ምክንያቱም ጥርሶቹ ግራና ቀኝ ይለያያሉ፣ ዲስኩም ትንሽ ተጣሞ ሊሆን ይችላል። ሁለቱ ልክ እኩል መሆን አለበት። መሳሳት ካለ ደግሞ ከኋላ በጣም በጥቂቱ ይስፋ እንጂ ፈጽሞ አይጥበብ። እኔ መሪውን ባነሳሁና በመለስኩ ቁጥር እለካለሁ። ባለቤቴ "ዛሬም ልኬት?" ትለኛለች።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ከዲስኩ ጀርባ ምንም የለም ብዬ ነበር። እዚያ መኖር የነበረበት ቀጭን ብረት ነው። የፋብሪካ ማሽን ላይ አብሮት ይመጣል፤ ብዙ ሰው አስቸገረኝ ብሎ ፈትቶ ይጥለዋል። እኛ ጋ የሚበየዱት ላይ ጭራሽ የለም። ስሙን ሐጂም አያውቁትም፤ "ጠባቂው" ነው የሚሉት። እኔም እንደዚያው እለዋለሁ። ሥራው ቀላል ነው። እንጨቱ ተሰንጥቆ ሲያልፍ ጠባቂው ስንጥቁ መሀል ይገባል። ሁለቱ ክፋዮች ተመልሰው ዲስኩን እንዳይጨብጡ ይይዛቸዋል። እንጨቱ ዞር ልበል ቢልም የኋላ ጥርሶቹን ከማግኘቱ በፊት እሱን ያገኛል።

ሠርቼ ለመግጠም ሁለት ቅዳሜ ፈጀብኝ፤ ልኩ ነው የሚያስቸግረው። ውፍረቱ ከዲስኩ ገላ መብለጥ፣ ከሚቆርጠው ስንጥቅ ማነስ አለበት። የኔ ዲስክ ገላው 2.2 ሚሊ ሜትር ነው፤ ጥርሱ የሚከፍተው 3.2። ስለዚህ 2.5 ሚሊ ሜትር ላሜራ ተጠቀምኩ። ከዚያ ወፍራም ቢሆን እንጨቱ ስንጥቁ ውስጥ ይቀረቀርና እጃችሁን አበርትታችሁ ትገፋላችሁ፤ እሱ ሌላ አደጋ ነው። ከጥርሱ ያለው ርቀት ከ3 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ነው። የዲስኩን ክብ ተከትሎ ይጎብጣል። ቁመቱ ከዲስኩ አናት ትንሽ ዝቅ ይላል። ከሁሉም በላይ ከዲስኩ ጋር በአንድ መስመር መቆም አለበት፤ ረጅም ቀጥ ያለ ብረት ከዲስኩ ጎን አስደግፋችሁ ታዩታላችሁ።

የኔ ማሽን ዲስኩ አንድ ቦታ ቆሞ ጠረጴዛው ነው ከፍና ዝቅ የሚለው። ስለዚህ ጠባቂውን ጠረጴዛው ላይ ማሰር አይቻልም፤ ጠረጴዛው ሲንቀሳቀስ ርቀቱ ይበላሻል። ኩሽኔታው የተቀመጠበት ብረት ላይ በሁለት ቡሎን አሰርኩት። በአንድ ቡሎን ብቻ እንዳታስሩት፤ ይዞራል። ብየዳ የማትችሉ ከሆነ ይህን ክፍል ለብረት ሠራተኛ ስጡት። ግን ሲሠራ አጠገቡ ቁሙ። "ይበቃል" ሲላችሁ አይብቃችሁ።

ጠባቂው ከተገጠመ ወዲህ እንጨት ተራግጦብኝ አያውቅም። ሲያንቀው ግን ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፣ በተለይ ባሕር ዛፍ። ባሕር ዛፍ የሠራችሁ ታውቁታላችሁ። ግንዱ ውስጥ የታመቀ ጉልበት አለው። ሲሰነጠቅ ጫፉ ወይ እንደ መቀስ ይከፈታል፣ ወይ መልሶ ይገጥማል። የሚገጥመው ነው ክፉው፤ ዲስኩን ከሁለት ወገን ይጨብጠዋል። እርጥብ ሲሆን ይብሳል። ደሴ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ክረምት ከጦሳ ተራራ ጉም ሲወርድ ልብስ እንኳ በሳምንት አይደርቅም፤ እንጨት መቼ ይደርቃል? ኮምቦልቻ ያሉ ወዳጆቼ ቆላ ቀመስ ስለሆነላቸው በዚህ ይስቁብኛል። እኔ ሰኔ ላይ የገዛሁትን ጣውላ በመካከሉ ቀጫጭን እንጨት እያስገባሁ እደረድረዋለሁ፣ ነፋስ እንዲያልፍበት። ጥቅምት ሳይገባ አልነካውም። ግድ ሆኖ እርጥቡን ከሰነጠቅሁ ድምፁን አዳምጣለሁ። የሞተሩ ድምፅ ወፍሮ ማጓራት ከጀመረ መግፋት አቆማለሁ። እንጨቱን ግን ወደ ኋላ አልጎትተውም! መጎተት ራሱ እንዲራገጥ መጋበዝ ነው። ባለበት አጥብቄ ይዤ፣ በጉልበቴ ማጥፊያውን እገፋና ዲስኩ ቀጥ እስኪል እጠብቃለሁ። ከዚያ ስንጥቁ ውስጥ ትንሽ ሽብልቅ ከትቼ እንደገና እጀምራለሁ።

በጉልበቴ ያልኩት እውነቴን ነው። ማጥፊያው ከጠረጴዛው ሥር፣ ከጉልበቴ ትይዩ ነው ያለው፤ ትልቅ ቀይ። ሁለት እጅ እንጨት ይዞ ሳለ በምን ታጠፋለህ? ይህንን የተማርኩበት መንገድ ግን ሌላ ነው።

ታኅሣሥ ላይ ነው። የጎን እንጨት እየቆረጥኩ መብራት ሄደ። ማሽኑ አቃስቶ ቆመ። ባለቤቴ "ቡና ደርሷል" አለች፤ ሄድኩ። ማብሪያውን አላጠፋሁትም፤ ማን ያስታውሳል? አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ጠጥቼ ተመለስኩ። መብራት የለም። እስኪመጣ ላጽዳ ብዬ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሰጋቱራ በእጅ መጥረጊያ ወደ ዲስኩ ቀዳዳ መጥረግ ያዝኩ። ጎረቤት ያሉ ልጆች "መጣ!" ብለው ሲጮኹ ሰማሁ። በዚያችው ቅጽበት መጥረጊያው ከእጄ ተነጠቀ። ግማሹን ኮርኒስ ላይ፣ ግማሹን ግድግዳ ሥር አገኘሁት። እጄ ላይ የቀረው አንድ ጭብጥ ሣር ነው።

ያን ቀን ሌላ ነገር አልሠራሁም። በማግሥቱ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠርቼ ኮንታክተር አስገባሁ። አረንጓዴና ቀይ ቁልፍ ያለው ነው። መብራት ሲሄድ ራሱ ይላቀቃል። መብራት ሲመለስ ማሽኑ ዝም ይላል፤ እናንተ አረንጓዴውን እስክትጫኑ። በኛ አገር ሁኔታ፣ ካላችሁ ገንዘብ መጀመሪያ ለዚህ አውጡት እላለሁ። አብሮ ገመዱን ለውጡት። ቀጭን ኤክስቴንሽን ላይ የተሰካ ሞተር ጉልበት ያጣል፤ ጉልበት ያጣ ሞተር እንጨት መሀል ይቆማል። የኔ 2.5 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ሽቦ ነው፣ ኧርዙ የተያያዘ፣ ከቆጣሪው ሥር የራሱ ብሬከር ያለው።

ውጭ አገር የሰው ቆዳ ሲነካው በ5 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ውስጥ ቀጥ የሚል ማሽን አለ፤ ሶውስቶፕ ይባላል። በቪዲዮ ቋሊማ እያስነኩት ሲያሳዩ አይቼ ቀናሁ። ዋጋውን አይቼ ስልኬን ዘጋሁ።

ስለ እጅ እንነጋገር። ደንቤ አንድ ነው። እንጨቱ አልቆ የመጨረሻው 30 ሳንቲ ሜትር ሲቀር ከዚያ በኋላ የሚገፋው ጣቴ ሳይሆን መግፊያ እንጨቴ ነው። ጫፉ ላይ እንደ ወፍ አፍ የተፈለቀቀ፣ የክንዴን ያህል ርዝመት ያለው ቁራጭ ነው። አምስት ሠርቻለሁ፤ ምክንያቱም አንድ ከሆነ ሁልጊዜ የለም። የለም ከሆነ ደግሞ "ለዚህች ብቻ" ብላችሁ በጣት ትገፋላችሁ። "ለዚህች ብቻ" የምትለዋ ቃል የሐጂን ጣት በልታለች፤ ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ። ከመግሪብ በፊት ልጨርስ ብለው፣ የመጨረሻው የበር ጉበን ላይ።

ለፍሬም የሚሆነውን ቀጭን እንጨት ስሰነጥቅ ሌላ ዘዴ አለኝ። ቀጭኑን በመሪውና በዲስኩ መሀል አላደርገውም፤ እዚያ ከተጣበቀ እንደ ቀስት ነው የሚወጣው። ሰፊው ክፍል በመሪው በኩል ይሆናል፣ ቀጭኑ በግራ በኩል ተቆርጦ ይወድቃል። እርግጥ በየቁራጩ መሪውን ማንቀሳቀስ አለባችሁ። ይሰለቻል። 40 ቁራጭ ስትሉ በጣም ይሰለቻል። ስልቸቱን እመርጣለሁ። ከጎን እንጨቱን ወደ መሪው የሚጫን ደግሞ ሚዶ መሰል ነገር ሠርቻለሁ። ጫፉን ገደድ አድርጌ ቆረጥኩና ጥርስ ጥርስ አወጣሁለት። ወደ ፊት ያሳልፋል፣ ወደ ኋላ አይመልስም። ከዲስኩ ፊት እንጂ ከዲስኩ ትይዩ እንዳታስሩት፤ እዚያ ከሆነ ስንጥቁን ራሱ ይዘጋል።

እንጨቱን በወርዱ ስትቆርጡ፣ ማለትም ረጅሙን ጣውላ ስታሳጥሩ፣ መሪውን አርቁት። ጫፉ መሪውን እየነካ በወርዱ የሚቆረጥ ቁራጭ ሲያልቅ ይዞርና ይራገጣል። እኔ በጠረጴዛው ቦይ ላይ የሚንሸራተት ከኮምፔርሳቶ የተሠራ ሳጥን አለኝ፤ እንጨቱ እሱ ውስጥ ተቀምጦ አብሮ ይሄዳል። በነጻ እጅ፣ ያለ መሪ ያለ ሳጥን፣ በዓይን ግምት ብቻ ምንም አትቁረጡ። አንድም ጊዜ።

የዲስኩ ከፍታ፦ ከእንጨቱ በላይ ጥርሱ ብቻ ቢታይ ይበቃል፣ 5 ሚሊ ሜትር ያህል። ከፍ ባለ ቁጥር ለእጃችሁ የሚተርፈው ጥርስ ይበዛል። አቋቋማችሁ ደግሞ ከዲስኩ መስመር በስተግራ ይሁን። እኔ ወለሉ ላይ በነጭ ቀለም መስመር አስምሬያለሁ። ልጆቼ ባቡር ሐዲድ ይሉታል። ከመስመሩ ላይ ማሽኑ እየዞረ ማንም አይቆምም፣ ድመቷም ጭምር።

ልብስ ላይ አጭር ልናገር። ደሴ ይበርዳል፤ ማሽን ላይ ጋቢ ደርቦ የሚሠራ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ። ሽርጥም ቤት ውስጥ ምቹ ነው፤ ሞተሩ ቺንጊያ ካለውና ቺንጊያው ካልተሸፈነ ግን ጫፉን ይወስደዋል፣ ከዚያ እናንተን። እጅጌ እስከ ክርን ይጠቅለል፣ ቀለበትና ሰዓት ይውለቅ፣ ፎጣ ከአንገት ይውረድ። ጓንትም አይደረግም። ይህን ስል ሁሉም ሰው ይከራከረኛል፤ ጓንት መከላከያ አይደል? ለጣውላ ማውረድ አዎ። ለሚዞር ጥርስ ግን ጓንት መያዣ ነው፤ ጥርሱ ጨርቁን ይዞ እጁን ሁሉ ይስባል።

መነጽር፣ የጆሮ መከላከያ፣ ማስክ አድርጉ። የእንጨት ብናኝ ለብዙ ዓመት ሲሳብ ለአፍንጫ ካንሰር እንደሚያጋልጥ የታወቀ ነገር ነው፤ በር መክፈት ብቻ አይበቃም። ያገለገለ እንጨት፣ በተለይ ከፈረሰ ቤት የመጣ ሞራሌ፣ ምስማሩ እስኪያልቅ ሳታዩት አይቆረጥም። ጉጡም የላላ ከሆነ ተወርውሮ ይወጣል።

ስለ ሁኔታችሁም ላንሳ፤ እዚህ አገር ሰው ስለማይናገረው። ጫት ቅመው ማሽን የሚነሱ ወዳጆች አሉኝ። ምርቃናው ሥራ ያፋጥናል ይላሉ። ያፋጥናል፤ የሚፋጠነው ግን እጅ ነው። ሐጂ በረመዳን ከአሱር በኋላ ማሽን አያስነሱም ነበር፤ ልጆቻቸውም እስከ ዛሬ እንደዚያው ናቸው። እኔ በዐቢይ ጾም ከሰዓት በኋላ ስሰነጥቅ አታገኙኝም፤ መሰንጠቁን ጠዋት እጨርሳለሁ። ሲመሽ የምሠራው ምስማርና ኮላ ብቻ ነው።

ክፉ ቀን ቢመጣ ምን ታደርጋላችሁ? ሰርቪሷ ግድግዳ ላይ ከረጢት ሰቅያለሁ፤ ንጹሕ ፋሻ፣ ንጹሕ ፌስታልና በወረቀት የተጻፈ 907 አለበት፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ። የሚደማውን በንጹሕ ጨርቅ አጥብቆ መጫን፣ እጁን ከልብ በላይ ከፍ ማድረግ፣ ጨርቁን እየገለጡ አለማየት። ቡና ዱቄት ቁስል ላይ አይነሰነስም። ሰጋቱራም። እንደምትስቁ አውቃለሁ፤ ግን ሲሆን አይቻለሁ። ጣት ከተቆረጠ ጣቱ ይፈለግ። በንጹሕ፣ በትንሹ በረጠበ ጨርቅ ተጠቅልሎ ፌስታል ውስጥ ይግባ፤ ፌስታሉ ታስሮ በረዶ ያለበት ውኃ ውስጥ ይቀመጥ። ሥጋው በረዶውን በቀጥታ መንካት የለበትም፤ ያበላሸዋል። ከዚያ ሰውየውም ፌስታሉም በአንድ መኪና ወደ ሆስፒታል። የመንጋጋ ቆልፍ መርፌ መቼ እንደተወጋችሁም አስቡ። እኔ የዚያን ቀን ስጠየቅ አላስታወስኩም፤ ወጉኝ።

ባለፈው ወር የእህቴ ልጅ ከኮምቦልቻ መጣ። 19 ዓመቱ ነው፣ ጉልበታም፣ ቪዲዮ አይቶ ሁሉን የሚያውቅ። "ጋሼ፣ አንዲት ቁራጭ ብቻ ልሞክር" አለኝ። ሶኬቱን ነቅዬ ገመዱን ጠረጴዛው ላይ አደረግሁት። መሪውን ለካ፣ ከፊት 35፣ ከኋላ 35። ጠባቂውን ነካ ነካ አድርጎ ቡሎኖቹን ሞከረ። መግፊያውን ያዘ። ከዚያ በቆመ ዲስክ ላይ፣ ያለ መብራት፣ እጁ የት እንደሚጀምርና የት እንደሚጨርስ አሥር ጊዜ አስመሰለልኝ። በሦስተኛው ላይ ቀኝ እጁ ዲስኩን አልፎ የተቆረጠውን ሊያነሳ ሄደ። "አየህ?" አልኩት። እጁን አየው፣ ዲስኩን አየው። ፈገግታው ጠፋ።

በአሥረኛው እጁ ባለበት ቀረ። ያኔ ሶኬቱን ሰጠሁት።